የቀይ ክሩ በርሜል

ኮምፒዩተሩ ደብረ ብርሃን የገባው በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣው ሾፌር «አገሩን ስለማውቀው አለበስኩት፤ አራስ ነው ብላችሁ ያዙት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ዘመን በሥራ ሰዓት መሳቅ ሥራውን ማቃለል ይመስለኝ ነበር። ሣጥኑን ተሸክመን ካስገባን በኋላ ግን እጄን ከብርድ ልብሱ ላይ እንዳላነሣሁ ልጄ አየች። ብርዱ ነው አልኳት። ብርዱ አልነበረም።

መሥሪያ ቤታችን የመንግሥት የጠጅ ማምረቻ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁለትና ከአልዩ አምባ ዙሪያ የሚመጣውን ማር እንቀበላለን፣ በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ጠጅ እንጥላለን፣ በጠርሙስ አሽገን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። የደርግ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የምርት መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሰላ ድንጋይ በአንድ መሪጌታ ደጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከመድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ለእኔ ተራ ነገር አልነበረም። የተጻፈውን አምን ነበር፤ በተለይ የጻፍኩት እኔ ከሆንኩ።

ታላቋ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ እዚያው በታይፒስትነት ተቀጥራ ነበር። ቤት ውስጥ አባቷ ነኝ፤ ቢሮ ውስጥም አባቷ ነበርኩ። ይህ ለእሷ ከባድ እንደነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ኮምፒዩተሩን በሁለት ሳምንት ሥልጠና የለመደችው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መዝገቤን አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ማሽኑ የመጣበት ምክንያት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቶች ለሚበላና ለሚጠጣ ምርት ሁሉ በየወሩ ለቁጥጥር ክፍል ሪፖርት እንዲልኩ ታዘዘ። እያንዳንዱ ጠርሙስ የምድብ ቁጥር ይታተምበታል፤ አንድ ጠርሙስ ተበላሽቶ ቢገኝ ከየትኛው በርሜል እንደወጣ፣ በርሜሉ ውስጥ የገባው ማር ከየትኛው መንደር እንደመጣ በዚያው ቀን መልስ መስጠት አለብን። ፕሮግራሙ በውጭ አገር ለወይን ጠጅ አምራቾች የተሠራ ነው። ስለ ማር አንዲት ቃል አያውቅም። «ወይን» በሚለው ቦታ ማር አስገባን። «የወይን እርሻ» በሚለው ቦታ የንብ ቀፎዎቹን ቀበሌ አስገባን። «የወይኑ ዓይነት» ሲለን ነጭ ማር ወይም ቀይ ማር አልነው። ማሽኑ ሁሉንም ተቀበለ። ንቦቻችን ተክል የሆኑለት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የሞከርንበትን ቀን አልረሳውም። ከመደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አነሣሁና ቁጥሩን ነገርኳት። ጻፈች። ስክሪኑ ትንሽ አሰበና በርሜሉን፣ የተጣለበትን ቀን፣ የማሩን መንደር ተራ በተራ አወጣ። በእጄ ያለው ጠርሙስ አንኮበር ድረስ ሄዶ የተመለሰ መሰለኝ።

«ድገሚው» አልኳት።

«ያው ነው የሚወጣው፣ አባዬ።»

«ያው መሆኑን ነው ማየት የምፈልገው።»

ሰባት ጊዜ አስደገምኳት። በሰባተኛው እኔም ሳላውቀው ጠርሙሱን እንደ ልጅ አቅፌው ነበር።

በዚያው ሳምንት ልጄ አንድ ገጽ አሳየችኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ከበርሜል ወደ በርሜል የተዛወረ ነገር ካለ ይጻፍ ይላል። ያዘዘውን ሰው ስምም ይጠይቃል።»

«ፈረንጅ ወይኑን ይደባልቃል። እኛ ጠጅ ከጠጅ አንደባልቅም። ዝለዪው።»

«ባዶ ሲሆን በየጊዜው እየተነሣ ይጠይቀኛል።»

«በየጊዜው ‘የለም’ በዪው። እውነት መድገም አይሰለችም።»

«ጌሾውስ?»

«ጌሾ ዕቃ ነው። ማንኪያ ተዛወረ ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

እሺ አለችና «የለም» ብላ ጻፈች። ከዚያም በየበርሜሉ «የለም፣ የለም» እያለች ቀጠለች።

የጌሾውን ነገር ላስረዳ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ጠጅ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። አዲስ ጌሾ ብቻ የገባበት ብርዝ በእኛ ከተማ ቶሎ አይነሣም። ስለዚህ ጠጅ ጣዮቹ ሴቶች ጌሾውን በከረጢት አስረው ይከቱትና፣ ጠጁ ሲደርስ ከረጢቱን አውጥተው ወደ አዲሱ በርሜል ያዛውሩታል። ለአንድ በርሜል ሁለት አዲስ፣ አንድ የሠራ። የሠራው ሌሎቹን ያነቃቸዋል። ይህ ከፋብሪካውም ከኮምፒዩተሩም በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ ማንም እንደ ጥሬ ዕቃ ቆጥሮት አያውቅም። እኔም አልቆጠርኩትም።

የጣዮቹ አለቃ ከአንኮበር የመጡ ባልቴት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ በርሜል በእሳቸው ዘንድ የራሱ የክር ቀለም አለው። አንድ ከረጢት ከበርሜል ሲወጣ የዚያን በርሜል ክር አንገቱ ላይ ያስሩበታል። ብዙ የሠራ ከረጢት እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ይታያል። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

«እትዬ፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የምስክር ወረቀት አልወሰዱም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወስጃለሁ፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።»

«ታዲያ ቁጥር እያለ ክር ምን ያደርጋል?»

«እጄ እርጥብ ነዋ! በእርጥብ እጅ ክር ይታሰራል እንጂ እርሳስ አይያዝም። አንተ ደረቅ ስለሆንክ ነው ያልገባህ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ኮምፒዩተር በገባበት ቤት ድሪቶ አይንጠለጠልም፣ ክሩ ሁሉ ይፈታ ብዬ አዘዝኩ። እትዬ «እሺ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በርሜል አራት ተበላሸ። ክዳኑ ተሰንጥቆ አየር ገብቶበት ጠጁ ኮመጠጠ። ሌላ ቢሆን ይደብቀዋል፤ እኔ ግን ይደፋ አልኩ፣ መደፋቱንም በሪፖርቱ አስጻፍኩ። በታማኝነቴ ኮራሁ። እትዬ ሦስቱን ከረጢቶች ይዘው መጡ።

«ጌሾውስ?»

«አጥባችሁ ተጠቀሙበት። ብክነት ኃጢአት ነው።»

«ጌሾ ቢታጠብም የገባበትን አይረሳም እኮ።»

«እትዬ፣ ስለ ታጠበ ዕቃ ክርክር አልሰማም።»

ሄዱ። ይህን ንግግር በኋላ ረስቼው ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ማስታወስ አለመፈለጌ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከአዲስ አበባ ክስ መጣ። አንድ ምድብ ጠርሙስ እንዳለ ኮምጣጤ ሆኗል። ከክሱ ጋር ከቁጥጥር ክፍል አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ በመኪና መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ጨዋነቱ ግን ሥራውን አያዘገየውም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጠርሙሱን ቁጥር ለልጄ ሰጣት። ምድቡ ከሦስት በርሜሎች የተሞላ መሆኑን ማሽኑ ወዲያው አወጣ፤ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። በሦስቱም የገባው ማር አንድ ነው፤ ከአልዩ አምባ በአንድ ጭነት የመጣ።

«ድንቅ ነው!» አለ ተቆጣጣሪው። «ይህን በመዝገብ ብንፈልገው ሳምንት ይፈጅ ነበር፣ ጓድ።»

ኩራቴ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። ኩራቴ የቆየው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እስኪናገር ነው።

«እንግዲህ ማሩ ውስጥ ባዕድ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው። በሕዝብ ምርት ላይ የተፈጸመ አሻጥር ነው። አቅራቢው ማነው?»

ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ሲወሰድ ይታያል፤ ሲመለስ የሚታይበት ቀን አይታወቅም። አቅራቢው ደግሞ ሩቅ አልነበሩም። የገበሬዎቹን ማር ሰብስበው የሚያመጡልን ሐጂ በዚያው ቀን ጭነት አድርሰው ግቢው ውስጥ ነበሩ። ተቆጣጣሪው ሪፖርቱ ታትሞ፣ በሥራ አስኪያጁና በእኔ ተፈርሞ በዘጠኝ ሰዓት እንዲደርስለት ነገረን። ሐጂም በእሱው መኪና ወደ ፖሊስ ይሄዳሉ።

ሐጂን ዓመታት አውቃቸዋለሁ። ጠጅ አፋቸው አይገባም። ማር ባመጡ ቁጥር ሴቶቹ «ሐጂ፣ ይቅመሱልን» ይሏቸዋል። «አስተግፊሩላህ! እኔ ማር ነው የማመጣላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምታደርጉት በእናንተና በፈጣሪያችሁ መካከል ነው። ቅምሻውን ለጸሐፊው ስጡት፣ ፊቱ ይፈታለት እንደሆነ» ይላሉ። ያን ዕለት ግን ከዘበኛው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። የቆላ ሰው ናቸው፤ ስስ ሽርጣቸውን ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኳቸው።

«ጸሐፊው፣ ያ ሣጥን ስሜን አነሣ አሉኝ።»

«አነሣ፣ ሐጂ።»

«ዋሸ ወይስ አልዋሸም?»

«ሣጥን አይዋሽም።»

«እንግዲያው የነገረው ሰው ዋሽቶታል።»

እኔን ውሸታም ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወደ ቢሮ በሩጫ ተመለስኩ።

ልጄ ከማሽኑ አልተነሣችም ነበር። ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ያበራል።

«አባዬ፣ ይምጡ ይዩ። ከዚሁ ጭነት፣ በዚያው ቀን፣ በርሜል ሦስትና ስድስትም ተሞልተዋል። የእነሱን ጠርሙስ ግን ማንም አልከሰሰም።»

ከመጋዘን የሁለቱን በርሜል ጠርሙሶች አስመጥተን ተቆጣጣሪው ፊት ከፈትን። ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ። ጠጁ ንጹሕ ነው።

«እነዚህም ውለው አድረው ይኮመጥጣሉ» አለ። ድምፁ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

«ማሩ አንድ ከሆነ ሦስቱን ከሁለቱ የለያቸው ምንድን ነው?» አለች ልጄ፤ ለማንም ሳይሆን ለማሽኑ የምትናገር ትመስል ነበር። ገጾቹን እያገላበጠች አምስቱን በርሜሎች አስተያየች። ቀኑ አንድ፣ ማሩ አንድ፣ ውኃው አንድ። በመጨረሻ ያቺ የዘለልናት ገጽ መጣች። የለም። የለም። የለም። የለም። የለም። የራሴን ድምፅ ተጽፎ አየሁት።

በርሜል አራት ትዝ አለኝ። የታጠበው ዕቃ ትዝ አለኝ።

ወደ ጠጅ ቤቱ ስሮጥ ሥራ አስኪያጁ «ምን ሆነ?» እያለ ተከተለኝ፤ ተቆጣጣሪውና ልጄም ከኋላ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሮጬ አላውቅም ነበርና ሴቶቹ እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ አነሡ።

«እትዬ! ከበርሜል አራት የወጣው ጌሾ የት የት እንደገባ ያስታውሳሉ?»

«እኔ ምኑን ላስታውስ? ክሩን ፍቱ ብለህ አስፈታኸን አይደል?»

ያን ጊዜ እትዬ ሴቶቹን አዩ፣ ሴቶቹም እሳቸውን አዩ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የፈታንልህ መሰለህ እንዴ?» አሉ እትዬ። ሊደርቅ ከተሰቀለው ከረጢት አንዱን አወረዱና አፉን ወደ ውጭ ገለበጡት። ክሮቹ በውስጥ በኩል ታስረው ነበር። «ዓይንህን እንዳያምህ ብለን ሸሸግናቸው።»

«የአራት ክር የቱ ነው?»

«ቀይ።»

ከረጢቶቹን ሁሉ ወለሉ ላይ አወረድን። ተቆጣጣሪው ሳይቀር ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። በርሜል ሦስት ውስጥ የሠራውን ከረጢት አገኘነው፤ ቀይ የለበትም። የስድስትም የለበትም። ከዚያ ልጄ ጮኸች። በእጇ ያለው ከረጢት ቀይ ክር አለበት፤ ከቀዩ ላይ ደግሞ የበርሜል ሁለት አረንጓዴ ታስሯል። ወዲያው እኔ ሁለተኛውን አገኘሁ፤ ቀይና ከላዩ የበርሜል አምስት ጥቁር።

«የስምንትስ? ቢጫው የት አለ?» አሉ እትዬ።

ወለሉ ላይ ቀይና ቢጫ ያለበት ከረጢት የለም። አንዷ ጣይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ውይ! ከትናንት ወዲያ በርሜል ዘጠኝ ውስጥ ከተነዋል!» አለች።

የማንንም ትእዛዝ አልጠበቅሁም። እጅጌዬን ሰብስቤ የበርሜል ዘጠኝን ክዳን ከፈትኩና ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነከርኩ። ብርዙ ቀዝቃዛ ነው፤ ከረጢቶቹ እንደ ዓሣ ያሙለጨልጫሉ። አንዱን ሳወጣ ክር የሌለው አዲስ ነው። ሁለተኛውም አዲስ። ሦስተኛውን አንገቱን ይዤ ሳብኩት። አፉን ገለበጥኩት። ቀይ፤ ከቀዩ ላይ ቢጫ።

«ተገኘ!» ብዬ ጮኽኩ። እውነቱን ለመናገር ዘለልኩ። ጠጅ ጣዮቹ እልል አሉ። እትዬ «ይሄ ሰውዬ ሳይቀምስ ሰከረ» አሉ። ደስታዬ ያን ያህል ነበር፤ ያገኘሁት የራሴን ጥፋት መሆኑን እንኳ ለአፍታ ረስቼው ነበር።

ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ልጄ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ እርጥብ ከረጢቶቹን ይዤ ክሩን አነባለሁ፣ እትዬ ቀለሙን ወደ በርሜል ይተረጉማሉ፣ እሷ በዚያች ገጽ ላይ «የለም» የሚለውን እያጠፋች ትሞላለች። ከአራት ወደ ሁለት። ከአራት ወደ አምስት። ከአራት ወደ ስምንት። ከስምንት ወደ ዘጠኝ። ከዚያ የተበላሸውን ጠርሙስ ቁጥር እንደገና ጻፈች። ጠዋት ቀጥ ብሎ አልዩ አምባ የወረደው መስመር አሁን መንገዱን ቀየረ። ሦስቱም በርሜሎች ወደ አራት ተመለሱ፤ ሦስትና ስድስት ንጹሕ ሆነው ቀሩ። በርሜል አራት ደግሞ የተሞላው በሐጂ ማር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ስክሪኑን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «እንግዲህ ማሩ ነፃ ነው» አለ። «ይህን ጌሾ እንዲዛወር ያዘዘው ማነው? ሳይሞላ አይታተምም ይላል።»

የልጄ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየሁ፤ ሊሸፍኑልኝ ነበር፣ አውቃለሁ። እኔ ለልጆቼ ስለ እውነት የተናገርኩትን ያህል ቃል በሕይወቴ ስለ ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ያ ቃል ሁሉ በዚያች ትንሽ ባዶ ቦታ ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቀኝ ነበር።

«ጻፊ።»

«ማን ብዬ፣ አባዬ?»

«ስሜን ታውቂዋለሽ።»

ጻፈች። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ይዞ ስሜን ሲያይ፣ የትኛውን ቃል እንደሚያስብ ገብቶኝ ነበር። «አሻጥር» ሳይሆን «ቸልተኝነት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። እጄንም ከወረቀቱ ላይ ቶሎ አላነሣሁም፤ አሁንም ብርዱ አልነበረም።

ወደ አግዳሚው ሄድኩና ለሐጂ «መሄድ ይችላሉ» አልኳቸው። ጋቢዬን አጥፈው መለሱልኝ።

«እውነቱን ስለተናገርክ አላመሰግንህም» አሉ። «ግዴታህ ነበር። ጋቢውን ግን ግዴታ አልነበረብህም። ለእሱ አላህ ይስጥልኝ።»

እንዲህ ያለ ንግግር እኔ ለሌላ ሰው የምናገረው ነው። በእኔ ላይ ሲነገር መስማት ከባድ ነበር፤ ግን ትክክል ነበር።

በሳምንቱ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ለስድስት ወር ፊርማዬ ታገደ። በየወሩ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ሪፖርት ላይ በእኔ ምትክ እንድትፈርም የተመደበችው ልጄ ናት። መጀመሪያ ስትፈርም ከኋላዋ ቆሜ ልመክራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ፊርማዋ ከእኔ ያምራል።

ሐጂ በቀጣዩ ወር ጭነት ይዘው መጡ። የማር ቆርቆሮዎቹን ስናወርድ በእያንዳንዱ አንገት ላይ ቀለም ያልተነከረ የጥጥ ክር ታስሯል። አንዳንዱ አንድ ቋጠሮ አለው፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«መንደሩ ነው። አንድ ቋጠሮ ከላይኛው ሰፈር፣ ሁለት ከወንዙ ዳር፣ ሦስት ከገደሉ ሥር። ከእንግዲህ ሰው ስሜን ሲያነሣ የትኛውን ቀፎ እንደሚል ይንገረኝ። ሣጥናችሁ ውስጥ ለዚህ ቦታ አለው?»

«አለው፣ ሐጂ» አለች ልጄ ከመስኮቱ። «የወይን እርሻ በሚለው ሥር።»

«የምን እርሻ?» አሉ ሐጂ ደንግጠው።

«አይስሟት» አሉ እትዬ። «ይልቅስ ቶሎ ይበሉ፣ ጸሐፊው ክሩን ሳይፈታብዎት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ ቆርቆሮ እንደተሸከምኩ ሳቅሁ።